ለበረራው አምስት ቀን ሲቀረን

ረጅም እረፍት ሦስት ዕድሜ አለው። መጀመሪያው የዘመድ ነው፤ ከቤት ቤት እየተዞረ ይበላል፣ ይለቀሳል፣ ይሳቃል። መሀሉ የጉብኝት ነው። መጨረሻው ግን የሒሳብ ነው። ስንት ቀን ቀረን? ማንን ሳንሰናበት ልንሄድ ነው? ሻንጣው ስንት ኪሎ ይይዛል? ከውጭ ልጅ፣ እህት ወይም ወንድም የሚመጣላችሁ አንባቢዎች ይህን የመጨረሻውን ዕድሜ ከእኛ ከእንግዶቹ በላይ ታውቁታላችሁ። እንግዳው ሲሯሯጥ እናንተ ቡና አቅርባችሁ በር በር የምታዩበት ሳምንት ነውና።

እኔና ባለቤቴ ፈረንሳይ ከገባን ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖናል። ዘንድሮ እሱ ጡረታ ወጣ፤ እኔም ሳልወስደው የተጠራቀመ ፈቃድ ነበረኝና ጥቅምት አጋማሽ ላይ መጥተን ከሦስት ወር በላይ ቆየን። ሐዋሳን አየን፤ ገናን ጀሞ እህቴ ቤት፣ ጥምቀትን ጃንሜዳ አከበርን፤ የአራት ሰርግ ድግስም በላን። የመጨረሻዎቹን አምስት ቀናት ግን ሆን ብለን ለሦስት ከተሞች አስቀምጠናቸው ነበር፤ ለሱሉልታ፣ ለቡራዩና ለሰበታ።

ለምን እነዚህን? ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ሦስቱም አዲስ አበባን እንደ ቀለበት ከከበቧት ከተሞች ናቸው፤ በ2015 ዓ.ም. በኦሮሚያ ክልል ሸገር ከተማ በሚል ስም ከሌሎች ጎረቤቶቻቸው ጋር ተጠቃለዋል። ሰው ወደ ጎጃም፣ ወደ ወለጋ ወይም ወደ ጅማ ሲሄድ በመኪና መስኮት ያያቸዋል እንጂ «ልጎብኛቸው» ብሎ አይነሳም። እኛ ግን ይህን ዓይነት ከተማ እናውቀዋለን። ሰው ሲጠይቀን «ፓሪስ ነው የምንኖረው» እንላለን እንጂ የምንኖረው ክሬቴይ ነው። ክሬቴይ ከፓሪስ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በ8 ቁጥር ሜትሮ የሚደረስባት ከተማ ናት። ፓሪስን እ.ኤ.አ. በ1973 የተጠናቀቀ 35 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ የቀለበት መንገድ ይከባታል፤ ከቀለበቱ ወዲያ ያለውን ፈረንሳዮቹ «ባንሊዩ» ይሉታል። ኤፍል ታወርን ሊያይ የመጣ ቱሪስት እዚያ አይደርስም። የፓሪስን ሆስፒታል የምታጸዳው፣ አውቶቡሱን የሚነዳው፣ ሽማግሌውን የምታጥበው ግን የምታድረው እዚያ ነው። ሰበታ አድሮ ጠዋት መርካቶ የሚገባ ሰው ይህ አይጠፋውም።

ሌላም ምክንያት ነበረን። የባለቤቴ እናት ሰበታ ናቸው፤ ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። ባለቤቴ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ አንድ ነገር ይመላለስበታል፤ «ተመልሼ እናቴ አጠገብ ልኑር» ይላል። የእኔ ጡረታ ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል። የምሠራው በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ነው፤ የስድስት ዓመት የልጅ ልጅም አለን። ፈረንሳይ ውስጥ ትንንሽ ልጆች በአብዛኛው ረቡዕ ትምህርት የላቸውም፤ የእኛም ረቡዕ የእሱ ናት። ሦስት ወር ሙሉ ይህን ጉዳይ በሰርግና በለቅሶ መሀል ስንገፋው ቆይተን «ከመብረራችን በፊት እንቁረጠው» ተባባልን። ሦስቱ ከተሞች የመቁረጫው ቦታ ሆኑ።

የሱሉልታ ወተት

ወደ ሱሉልታ የሚወስደው የጎጃም መንገድ ነው። አዲሱ ገበያን አልፎ የእንጦጦን ሸንተረር ይሻገራል። ዳገቱ ላይ ዓይን የሚሞላው ባሕር ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ የአውስትራሊያ ተወላጅ ነው፤ ወደ አገራችን የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ሲሆን፣ አመጣው ተብሎ ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሳው ሞንዶን ቪዳይሌ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ዙሪያዋ ተመንጥሮ ማገዶ አጥታ ነበር፤ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ግንባታም ተጀምሮ ነበር። ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ሲስፋፋ ከተማዋ እዚሁ ጸናች። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ «አየሽ፣ ፈረንሳይ ያበደረችንን እኛ ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት እየሠራን ከፈልናት» ብሎ ሹፌሩን አሳቀው።

እኔን ያላሳቀኝ በመንገዱ ዳር የወረዱት እናቶች ናቸው። የቁመታቸውን እጥፍ የሚሆን የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው፣ ወገባቸው እስከ ጉልበታቸው ጎብጦ ይወርዳሉ። አንዷ ነጠላዋ ሥር የታየኝ ፀጉር ከእኔ የነጣ ነበር። በሥራዬ የአረጋውያንን ወገብና ጉልበት ሳይ ነው የምውለው፤ ያ ሸክም በአጥንት ላይ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። እዚህ አገር እርጅና ለሁሉም ሰው አንድ እንዳልሆነ፣ ጋቢ ለብሶ ፀሐይ መሞቅ የደረሳቸው ዕድለኞች መሆናቸውን መንገዱ ያስታውሳል።

ሸንተረሩን ሲሻገሩ የሱሉልታ ሜዳ ይዘረጋል። ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ነውና ጥር ጠዋት ላይ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ክረምት ላይ ውኃ የሚተኛበት ሜዳ አሁን ደርቆ የድርቆሽ ክምር በክምር ሆኗል። በጠዋት የደረሰ ሰው የሚያየው ሌላ ነገር ሯጮቹን ነው። አሥር፣ አሥራ አምስት ሆነው በአንድ ትንፋሽ ያልፋሉ። የቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ መምና ሪዞርት እዚህ ነው፤ ከውጭ አገር ሳይቀር ለከፍታው ሥልጠና የሚመጡ አትሌቶች አሉ። ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሊምፒክ የወንዶች ማራቶን ቀን እኛ ባንዲራ ይዘን መንገድ ዳር ነበርን። ታምራት ቶላ በጉዳት ምክንያት በቀረው በሲሳይ ለማ ቦታ ገብቶ 2 ሰዓት ከ06 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ሮጦ፣ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቁን ወሰደ። እኛ ያየነው ለጥቂት ሰከንድ ነው። ሱሉልታ ላይ ደግሞ ከዚያ ሰከንድ በፊት ያለው የብርድ ጠዋት ስንት እንደሆነ ታየን።

የባለቤቴ የአክስት ልጅ እዚያ ስድስት የወተት ላሞች አሏት። የሰላሌ ወተት ስሙ የታወቀ ነው፤ ሱሉልታም የዚያ አገር ደጃፍ ናት። በኦሮምኛ «አካም ቡልተን» ብላ ተቀብላን፣ ቀጥሎ በአማርኛ ለምን እንደቆየን ወቀሰችን፤ ከዚያ ትኩስ ወተት፣ ጭኮ፣ እርጎ ተከታተለ። ፈረንሳይ ስለ አይብ ብዙ ወሬ አለ፤ የእሷን አይብ ግን ባለቤቴ በዝምታ ነው የጨረሰው። ላሞቿን እያሳየችን ዋናውን ጭንቀቷን ነገረችን። የግጦሽ መሬቱ በቤትና በፋብሪካ እየተያዘ ድርቆሽ በየዓመቱ ይወደዳል። ልጆቿ ተምረው ከተማ ሥራ ይዘዋል፤ ላም ማለብ የሚፈልግ የለም። «እኔ ስደክም ላሞቹም ያልቃሉ» አለች፤ እንደ ሐዘን ሳይሆን እንደ ሒሳብ።

ስንነሳ በኮባ የተጠቀለለ ሁለት ኪሎ ቅቤ አሸከመችን። ለመንገደኛ ዘመድ የምትሰጡ ካላችሁ ይህን እወቁልን፤ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ እንዲገባ አይፈቀድለትም። ቅቤም፣ አይብም፣ ቋንጣም እዚያ ከተገኘ ይወረሳል። በርበሬ፣ ሽሮና ኮረሪማ ግን ያልፋሉ። ለእሷ ግን ይህን አልነገርናትም። ለዘመድ በፍቅር የተሰጠ ቅቤ አይመለስም፤ ሰበታ እናስገባዋለን ብለን ተሸከምነው።

ድርና ማግ በቡራዩ

በሁለተኛው ቀን በአስኮ አድርገን ቡራዩ ሄድን። ከከተማዋ አለፍ ብሎ ገፈርሳ አለ። ግድቡ የትንሹን አቃቂ ውኃ ይዞ አዲስ አበባን ከሰባ ዓመት በላይ አጠጥቷል። የአዲስ አበባ ልጅ ሆኖ ይህን ውኃ ያልጠጣ ጥቂት ነው፤ ሄዶ ያየውም ጥቂት ነው። ክሬቴይም ሐይቅ አላት፤ እሱም ሰው ሠራሽ ነው፤ ጠጠርና አሸዋ ሲወጣበት የነበረ ጉድጓድ ውኃ ሞልቶት ሐይቅ ሆነ። እሑድ እሑድ ከልጅ ልጃችን ጋር ዳክዬ የምናይበት ቦታ ነው። ገፈርሳ ዳር ስንቆም ባለቤቴ ውኃው ጠርዝ ላይ ወደሚለቅሙት ወፎች አሳየኝ። ክንፏ ሰማያዊ የሆነችው ዝይ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ሌላ የትም አትገኝም። አጠገቧ ያሉት ብዙዎቹ ግን የአውሮፓን ክረምት ሸሽተው የሚመጡ ናቸው፤ ሲሞቅ ይመለሳሉ። «የትኞቹ ነን እኛ?» አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም፤ ጥያቄውም ለእኔ አልነበረም።

ቡራዩ ውስጥ የሄድንበት ቤት የሸማኔ ቤት ነው። ሰውየው ከጋሞ አገር በወጣትነቱ መጥቶ የባለቤቴ የልጅነት ወዳጅ የሆነ፣ በሰርጋችን ጊዜ የሀገር ልብሴን የሸመነ ሰው ነው። ዛሬም እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብቶ፣ መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ እየላከ ይሠራል። ሚስቱ ጥጥ ትፈትላለች። ለአንድ ጋቢ የሚሆን ፈትል ለማውጣት ስንት ቀን እንዝርት እንደሚሽከረከር የሚያውቁ እናቶች ይህን ጽሑፍ እያነበቡ ይሆናል፤ ከውጭ የመጡ ልጆች ግን ዋጋ ሲከራከሩ አይቻለሁ። ልጆቻችሁን አንድ ቀን ሸማኔ ቤት ይዛችኋቸው ሂዱ። ከዚያ በኋላ አይከራከሩም።

ስለ ቡራዩ ሲወራ የማይታለፍ ነገር አለ። መስከረም 2011 ዓ.ም. በከተማዋና በአካባቢዋ በደረሰ ጥቃት ብዙ ሰዎች ሞቱ፤ ሺዎች ከቤታቸው ተሰደዱ። ከተጎዱት ብዙዎቹ ጋሞዎች ነበሩ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ የተቆጣ ወጣት ለበቀል ወጣ። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩ። በባህሉ አባት ሣር ይዞ ሲለምን ያንን አልፎ መሄድ አይቻልም፤ ወጣቱም አላለፈም። እኛ ይህን ያየነው ክሬቴይ ሆነን፣ በስልክ መስኮት ነው። የወዳጃችን ስልክ ለአራት ቀን አልተነሳም ነበር።

ሚስቱ ያን ጊዜ ሦስት ልጆቿን ይዛ ከተማ ገብታ፣ ለተፈናቃዮች በተከፈተ ትምህርት ቤት ወለል ላይ ነበረች። ለምን እንደተመለሱ ጠየቅኋት። ነገሩን አላሰማመረችውም። «ሌላ ቤት የለንም» አለች መጀመሪያ። ቀጥላም ጎረቤቷን አነሳች። ኦሮሞ ናት፤ እነሱ ሲወጡ የሽመናውን ዕቃ ወደ ቤቷ አስገብታ፣ ድሩ እንዳይቆሻሽ ጨርቅ አልብሳ ጠብቃ መለሰችላቸው። «ድሩ ሳይበጠስ ነው ያገኘነው። ያን ቀን ነው ዕቃዬን የፈታሁት» አለች። ያቺ ጎረቤት ቡናው ላይ አብራን ነበረች፤ ስለ ራሷ ሲወራ ተነስታ ፈንዲሻ ለመጨመር ወጣች። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያልን ስንተርት እንደምናድግ ሁላችንም እናውቃለን። ቡራዩ ላይ የሰማሁት ግን ከተረቱ ያነሰና የከበደ ነው፤ አንዲት ሴት የጎረቤቷን ድር ሳይበጠስ ማቆየቷ።

ለልጅ ልጃችን አንድ ትንሽ ጋቢ አዘን ነበርና ይዘን ተነሳን። መኪና ውስጥ ባለቤቴ ዝም ብሎ ቆይቶ «መመለስ ማለት ቤት መግዛት ይመስለኝ ነበር» አለኝ። ከመጣን ጀምሮ ሰው ሁሉ የሚነግረን የካሬ ዋጋ ነበር። ያቺ ሴት ግን የነገረችን አጠገቧ ማን እንዳለ ነው።

የሰበታ እናት

ሦስተኛውንና አራተኛውን ቀን ሰበታ አደርን። በአየር ጤናና በአለምገና አልፎ በጅማ መንገድ ይኬዳል። አለምገና የመንገድ ሥራ ባለሙያዎች የሚሠለጥኑበት ቦታ ነው፤ በአገሪቱ ብዙ መንገድ ላይ የተሰማራ ኦፕሬተር እዚያ አልፏል። ባለቤቴ ልጅ እያለ ሰበታ የገጠር ከተማ ነበረች። አሁን የፋብሪካ አጥር ከአለምገና ጀምሮ ይከተላችኋል፤ በፈረቃ መውጫ ሰዓት መንገዱ በወጣት ሴቶች ይሞላል። ባጃጁ ያልፍበት አጥቶ ይቆማል።

ከተማዋ ግን ከፋብሪካ በላይ ናት። ማየት ለተሳናቸው ልጆች የተከፈተው የሰበታ ትምህርት ቤት እዚህ ነው። ባለቤቴ ሲያድግ ተማሪዎቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው በአስፋልቱ ዳር ሲሄዱ ያይ ነበር፤ ከዚያ ወጥተው መምህርና ጠበቃ የሆኑ አሉ። የጌቴሴማኒ ገዳም እናቶችም ወላጅ ያጡ ሴት ልጆችን ተቀብለው ያሳድጋሉ። የዓሣ ምርምር ማዕከሉ በኩሬዎቹ የዓሣ ጫጩት እያረባ ወደ ሐይቆችና ግድቦች ይልካል። ሳስበው፣ ሰበታ ሌላ ቦታ የሚያድግ ነገር የሚፈለፈልባት ከተማ ትመስለኛለች። ሌላ ቦታ ካደጉት አንዱ ደግሞ አጠገቤ ተቀምጧል።

ፈረንሳይ እዚህም ትከተለናለች። የሜታ ቢራ ፋብሪካ በደርግ ተወርሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በ225 ሚሊዮን ዶላር ለእንግሊዙ ዲያጆ ተሽጦ፣ በ2022 ደግሞ የፈረንሳዩ ካስቴል ገዛው። ባቡሩም ታሪክ አለው። በፈረንሳዮች የተሠራው የጅቡቲ ምድር ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው፤ የእኛ ትውልድ የመጀመሪያዎቹን የፈረንሳይኛ ቃላት የሰማው ለገሃር ነው፤ «ለገሃር» ራሱ ፈረንሳይኛ ነውና። አዲሱ በኤሌክትሪክ የሚሄደውና ቻይናዎች የሠሩት መስመር ግን መነሻው ሰበታ ነው፤ የተመረቀውም መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው። ልጅ ሆኖ ባቡር ለማየት በእግሩ ለገሃር ድረስ የሄደው ባለቤቴ፣ ስልሳ ሦስት ዓመት ሞልቶት ሐዲዱን ከእናቱ ቤት ብዙም ሳይርቅ አገኘው።

አማቴ የሚኖሩት ከመጨረሻ ልጃቸው፣ ከሚስቱና ከሦስት የልጅ ልጆች ጋር ነው። ቅቤውን ሲያዩ አሸተቱት፣ «ይሄ የሱሉልታ ነው» አሉ፤ ማንም ሳይነግራቸው። ጉልበታቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን የተንሾካሾኩትን ይሰማል። እኔ ከሥራ ልማድ ይሁን ከፍቅር አላውቅም፣ እግራቸውን አጥቤ ስቀባ ሳለሁ «እዚያ ስንት ሽማግሌ ታጥቢያለሽ?» አሉኝ። በፈረቃ ስምንት፣ ዘጠኝ አልኳቸው። «ልጆቻቸውስ?» አሉ። ይመጣሉ አልኳቸው፤ አንዳንዱ በሳምንት፣ አንዳንዱ በወር። ትንሽ አስበው «የእኔው በሁለት ዓመት ነው የሚመጣው» አሉ። ወቀሳ አልነበረበትም፤ የባሰብኝም እሱ ነው።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ባለቤቴና እኔ ብቻችንን መናገሻ ሱባ ደን ሄድን። ደኑ ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የወጨጫ ተራራ ጎን ላይ ነው፤ ከሰበታ በኩል ይገባል። ታሪኩ ለአያቶች የሚሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ተራራው ተመንጥሮ ቢያዩ ከወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው አስተከሉ ይባላል። ዛሬ ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፈው ጽድ አለ፤ ወይራው፣ ኮሶው፣ ዝግባው አለ፤ ጉሬዛው ካንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ይዘላል። ጽድ ዝግ ብሎ ነው የሚያድገው። የተከለው ሰው ጥላው ሥር አይቀመጥም። እንጦጦ ላይ ያለው ባሕር ዛፍ ደግሞ በተተከለ በጥቂት ዓመት ይቆረጣል። አገር ሁለቱም ያስፈልጉታል።

ሒሳባችንን የሠራነው እዚያ ጽድ ሥር ተቀምጠን ነው። ሁለታችንም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ማለትም ቢጫ ካርድ ስላለን ቪዛ አያስፈልገንም። የእሱ የፈረንሳይ ጡረታ እዚህም ቢኖር ይከፈለዋል፤ በሕይወት ያለ መሆኑን የሚያረጋግጥ ወረቀት በየዓመቱ መላክ ነው። የሕክምና ሽፋኑ ግን በዓመት ከስድስት ወር በላይ እዚያ መኖርን ይጠይቃል፤ እሱ ደግሞ የልብ መድኃኒት ይወስዳል። ጠቅልሎ መምጣት ማለት ሐኪሙን፣ የልጅ ልጁንና ለሁለት ዓመት እኔን መተው ነው። ጠቅልሎ መቅረት ማለት ደግሞ እናቱን በስልክ መሰናበት ነው። ሁለቱንም ጮክ ብለን አልነውና ሁለቱም አስፈሩን።

ማታ ላይ ነገሩን ለእናቱ አቀረበው። ለእሳቸው ብሎ ሁሉን ጥሎ ሊመጣ እንደሚፈልግ ተናገረ። አማቴ ሰምተው ሲያበቁ፣ «ልትቀብረኝ ከሆነ አትልፋ፤ ዕድር አለኝ» አሉት። ቤቱ ጸጥ አለ። «ልታጫውተኝ ከሆነ ግን ና። ለዚያ ደግሞ ዓመት ሙሉ አያስፈልግም፤ አንተም ወሬ አታውቅም።» ታናሽ ወንድሙ ነው መጀመሪያ የሳቀው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አንቺስ ምን ትያለሽ፣ ልጄ? ባልሽ እኮ ነው» አሉኝ። እኔም አንድ ነገር ብቻ አልኩ፤ አሁን አብሮኝ አይብረር፣ ሁለት ወር ይቆይ። ከመስኮት ውጭ የምታዩትን ሁሉ ትተን እኩል የተካፈልነው ይህን ነው። ዘንድሮ እስከ መጋቢት ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ከጥቅምት ጀምሮ አምስት ወር የእናቱ ነው፤ ቀሪው የእኛ ነው። «ፋሲካን ከልጅ ልጅህ ጋር ፍሰክ፤ እኔ ለገና እፈልግሃለሁ» ብለው ዘጉት። ሠላሳ ስምንት ዓመት በትዳር ስንኖር ከሁለት ሳምንት በላይ ተለያይተን አናውቅም። ይህን ያነሳ ሰው ግን አልነበረም፤ ቡና ተፈላ።

አምስተኛው ቀን የሻንጣ ነበር። የትኬቱን ቀን ለማስቀየር ልዩነቱን ከፈልን። የእሱን ልብስ ከሻንጣ አውጥተን ሰበታ ላክን፤ በቦታው በርበሬ፣ ሽሮና ትንሿ ጋቢ ገቡ። ቅቤው አማቴ ጋ ቀርቶ ተነጥሯል።

ለእናንተ ለወላጆችና ለአያቶች፣ ከእንግዳው ወገን ሆኜ አንድ ነገር ልበል። ልጃችሁ ከውጭ ሲመጣ የመጨረሻውን ሳምንት ለገበያና ለስንብት ሩጫ አትስጡት። ሁለት ቀን ለምኑት። ትልቁን ጉዳይ፣ ማን የት ይኖራል፣ ማን ማንን ያስታምማል የሚለውን፣ አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ ሳይሆን በእነዚያ ሁለት ቀናት፣ ሁሉም ባለበት አንሱት። እንግዳው ፈርቶ አያነሳውም። እንደ አማቴ ያለ አንድ ዓረፍተ ነገር ከእናንተ ከወጣ፣ ሦስት ወር የተገፋ ጉዳይ በአንድ ማታ ያልቃል።

ክሬቴይ ከገባሁ በኋላ በመጀመሪያዋ ረቡዕ የልጅ ልጃችን መጣ። ጋቢውን ለብሶ ክፍል ለክፍል ዞረና አያቱን አጣው። የት እንዳለ ጠየቀኝ። እናቱ ጋ እንዳለ ነገርኩት። ቆም ብሎ አየኝ፤ ያልኩትን ማመን ከብዶታል።

«አያቴ እናት አለው?» አለኝ።